የኖርዊቹ ዊልያም ግድያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ1144 እንግሊዝ አገር ስለተገደለው ልጅና ከሱ ሞት ስለተወለደው፣ አይሁዶች በክርስቶስ ለማላገጥ ክርስቲያን ልጅ ሰቅለው ይገድላሉ ስለሚለው የሐሰት ክስ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ይሄን ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ዊልያም ማን ነው? ምን ሆነ?

በምሥራቅ እንግሊዝ ኖርዊች የምትባል ከተማ ውስጥ ቆዳ ሠሪ ጋር ሙያ የሚማር የ12 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ኤልቪቫ ትባላለች፣ የእናቱ አባት ቄስ ነው፣ የአክስቱ ባል ጎድዊን ስቱርትም ቄስ ነው፣ ስለዚህ ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው አለው ማለት ነው፣ ይሄን ያዙት በኋላ ይመጣል። በ1144 ሰሙነ ሕማማት ሰኞ ዕለት አንድ ሰው እናትየው ቤት ይመጣና የሊቀ ዲያቆኑ ወጥ ሠሪ ነኝ፣ ልጁን ማድ ቤት ላስገባው ይላል። እናትየው ልቧ እምቢ ቢላትም 3 ሽልንግ ተቀብላ ሰጠችው። በማግስቱ ሁለቱ አክስቱ ቤት ጎራ ብለው ነበር ይባላል። ከዛ በኋላ ልጁን በሕይወት አየሁት ብሎ ያኔውኑ የተናገረ ሰው የለም።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሰውየው ነው። ማንም መርማሪ ነኝ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ልጁን ከእናቱ ጉያ የወሰደውን ሰው ነው አይደል? ታሪኩን የጻፈው መነኩሴ ግን ክርስቲያን ይሁን አይሁድ አላውቅም ብሎ ያልፈዋል፣ በቃ፣ ሰውየው ከታሪኩ ይወጣል፣ ተመልሶም አይመጣም።

ሬሳው የት ተገኘ?

ቅዳም ሥዑር ዕለት ማለትም ማርች 25፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቶርፕ የሚባል ጫካ ውስጥ። ሄንሪ የሚባል የደን ጠባቂ ነው ያየው፣ ከሱ በፊትም አንዲት መነኩሴ አይታዋለች ይላሉ። ልጁ አፉ ውስጥ እንጨት ተወትፎበት ነበር፣ ሰውነቱ ላይም ቁስል ነበረው። ሰው ከከተማ እየወጣ ሊያይ ሄደ፣ ግን የፋሲካ በዓል ስለነበር እስከ ሰኞ ማንም አላነሳውም፣ ሰኞ ዕለት እዛው ጫካው ውስጥ ቀበሩት።

ከቀናት በኋላ ቄስ ጎድዊንና የልጁ ወንድም መጥተው ጉድጓዱን ከፍተው የኛ ልጅ ነው ብለው ለዩት። ከዛ ምን አደረጉ? መልሰው እዛው ቀበሩት። ሰማዕት ነው፣ በክርስቶስ አምሳል ተሰቀለ ምናምን የሚለው ወሬ ያኔ ቢኖር ኖሮ የገዛ ቤተሰቡ፣ ያውም ቄስ ያለበት ቤተሰብ፣ ጫካ ትቶት አይሄድም ነበር።

አይሁዶቹ እዛ ከተማ ምን ያደርጉ ነበር?

እንግሊዝ አገር አይሁዶች የገቡት በ1066 ኖርማኖቹ አገሩን ከያዙ በኋላ ነው፣ አብዛኞቹ ከፈረንሳይ ሩዋን ነው የመጡት፣ መጀመሪያ ለንደን ቀጥሎ እንደ ኖርዊች ወዳሉ ከተሞች ተስፋፉ። የሚናገሩት እንደ ገዢዎቹ ፈረንሳይኛ ነው። የሚጠብቃቸው ንጉሡ ነው፣ ግብር የሚወስድባቸውም እሱ ነው፣ ገንዘብ ማበደር ደግሞ ዋና ሥራቸው እየሆነ ሄደ። እና ለአንድ ተራ እንግሊዛዊ እነዚህ ሰዎች በሃይማኖት ባዕድ፣ በቋንቋ ከገዢ ወገን፣ ብር ሲቸግር ደግሞ ደጃቸው የሚኬድ ነበሩ። ግን ልብ በሉ፣ ከ1144 በፊት ኖርዊች ውስጥ በሰላም ነው የኖሩት፣ እንዲያውም ዊልያም ራሱ በሙያው ምክንያት እነሱ ጋ ይገባና ይወጣ እንደነበር ያው ከሳሻቸው መነኩሴ ጽፎታል።

መጀመሪያ የከሰሳቸው ማነው? ተፈረደባቸው ወይ?

ቄስ ጎድዊን ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጳጳሱ ኤቨራርድ የቀሳውስት ጉባኤ ሲጠራ ጎድዊን ተነስቶ አይሁዶቹ ናቸው የገደሉት አለ። ማስረጃህ ምንድነው ሲባል ካቀረባቸው ነገሮች አንዱ የሚስቱ ሕልም ነው፣ ገበያ መሀል አይሁዶች ከበው ቀኝ እግሯን ሲገነጥሏት አየች፣ ስለዚህ ወዳጅ ዘመድ ታጣለች ማለት ነው፣ ይኸው ነው። ጳጳሱ አይሁዶቹን ለመጥራት ሞከረ፣ የንጉሡ ሹም የሆነው ሸሪፍ ጆን ደ ቼስኒ ግን እነሱ የንጉሡ ናቸው አንተ ልትዳኛቸው አትችልም ብሎ ቤተ መንግሥቱ ግንብ ውስጥ አስገብቶ ጠበቃቸው፣ ነገሩ እስኪበርድ።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ አልተፈረደባቸውም፣ ችሎት እንኳን አልተቀመጠም። ብዙ ሰው በዊልያም ግድያ አይሁዶች ተሰቀሉ ብሎ ያወራል፣ እሱ ሊንከን የምትባል ሌላ የእንግሊዝ ከተማ ላይ ነው፣ 111 ዓመት በኋላ የሆነ ሌላ ታሪክ ነው፣ ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ታሪኩን ታዲያ ማን ጻፈው?

የሞንማውዙ ቶማስ የሚባል መነኩሴ። ኖርዊች ካቴድራል ገዳም የደረሰው በ1150 አካባቢ ነው፣ ልጁ ከሞተ ስድስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው፣ ዊልያምን አይቶት አያውቅም። ከዛ እየጻፈ እየጨመረ እስከ 1173 አካባቢ ሰባት ክፍል ያለው መጽሐፍ አወጣ። ገድል ማንበብ ለለመደ የኛ አንባቢ አካሄዱ አዲስ አይሆንበትም፦ መጀመሪያ ገድሉ፣ ከዛ ፍልሰተ ዐጽሙ፣ ከዛ ተአምራቱ በተራ በተራ። ወጣ ያለው ሁለተኛው ክፍል ነው፣ እሱ ከማያምኑት ጋር ክርክር ነው። የራሱ ከተማ ሰዎች ልጁ መገደሉን እናውቃለን በማን ለምን የሚለውን ግን አናውቅም፣ ስለዚህ ቅዱስ አንለውም እያሉ ነበር ማለት ነው፣ ቶማስ እነሱን ሲሳደብ ብዙ ቀለም ጨርሷል።

የገዳሙ አለቃ ኤልያስ ራሱ ካላመኑት አንዱ ነበር። ቶማስ የልጁ መቃብር ላይ ያነጠፈውን ምንጣፍ አንሱት ብሎ አስነስቶበታል። መጽሐፉ ዛሬ በአንድ የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአንዲት ሰፈር ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት መሀል ተገኝቶ በ1896 ታተመ፣ አሁን ካምብሪጅ ነው የሚገኘው።

ምስክሮቹስ? ሰው አይቻለሁ ብሎ የለም እንዴ?

አለ፣ ሦስቱን ዋና ዋና ልንገራችሁ፣ እዚህ ጋ ቀስ ብላችሁ አንብቡ ምክንያቱም አጠቃላይ ነገሩ የቆመው በነሱ ላይ ነው። አንደኛዋ አይሁድ ቤት የምትሠራ ክርስቲያን ሠራተኛ ናት። የፈላ ውሃ አምጪ ተብላ ስታመጣ በበሩ ስንጥቅ በአንድ ዓይኗ ብቻ ልጁ ግንድ ላይ ታስሮ አየች ይላል። ለምን ያኔ አልተናገረችም? ደሞዟን እንዳትከለከልና እንዳይገድሏት ፈርታ። መቼ ተናገረች? ከዓመታት በኋላ ለቶማስ። ቶማስ ደግሞ ቤቱ ድረስ ሄጄ ምልክቱን እንጨቱ ላይ አይቻለሁ ይላል፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሰው እየኖረበት የቆየ ቤት ውስጥ ማለት ነው እንግዲህ።

ሁለተኛው ኤልዋርድ የሚባል የከተማው ሀብታም ነው። ስቅለት ዕለት አብያተ ክርስቲያናትን ሲዞር ጫካው አፍ ላይ ፈረስ ላይ ጆንያ የጫኑ ሁለት አይሁዶች አገኘ፣ ጆንያውን ሲዳብሰው የሰው ገላ ነው፣ እነሱ ፈርጥጠው ሄዱ። እሱም በሸሪፉ ተገዶ ስለማለ ዝም አለ፣ አምስት ዓመት ዝም ብሎ ሊሞት ሲል ተናዘዘ። ይሄ ምስክርነት ሲመጣ ሸሪፉ ሞቷል፣ ኤልዋርድም ሞቷል፣ የሚጠየቅ ሰው የለም። ደሞ እስቲ አስቡት፣ ሬሳ መደበቅ የፈለገ ሰው ከተማው ሁሉ መንገድ ላይ በሆነበት በስቅለት ቀን፣ በጠራራ፣ በፈረስ?

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋው ነው። ቴዎባልድ የሚባል ክርስቲያን ሆኖ የመነኮሰ አይሁድ ነግሮኛል ይላል ቶማስ፦ ደቡብ ፈረንሳይ ናርቦን ላይ የአይሁድ አለቆች በየዓመቱ ተሰብስበው ዕጣ ይጥላሉ፣ ዕጣው የወጣበት አገር አንድ ክርስቲያን መግደል አለበት፣ በ1144 ዕጣው ኖርዊች ላይ ወጣ። ቴዎባልድ የሚባል ሰው መኖሩን ራሱ ከቶማስ ሌላ የመሰከረ ሰነድ የለም። ግን ይሄ «በድብቅ ተሰብስበው በዓለም ላይ ያሴራሉ» የሚለው ነገር ዛሬ ቴሌግራም ላይ ከሚዞረው ጋር አይመሳሰልም?

አንድ ነገር ልጨምር። ቶማስ የልጁ ግራ እጅና እግር በሚስማር ተመቶ ቀኙ ግን በገመድ ታስሮ ነበር ይላል። ለምን ግማሽ? በሁለቱም በኩል ሚስማር ቢመቱ አይሁዶች መሆናቸው ስለሚታወቅ ሆን ብለው ነው ይላል። ማለትም ምልክት ሲገኝ እነሱ ናቸው፣ ምልክት ሲጠፋም እነሱ ስለደበቁት ነው። እንዲህ ካለ ዳኛ ፊት ማን ነፃ ይወጣል?

ባለዕዳው ባላባት የሚባለው ታሪክ ምንድነው?

ለኔ የነገሩ ቁልፍ ይሄ ነው። ዊልያም ከሞተ አምስት ዓመት አካባቢ ዝም ዝም ሆኖ ነበር። በ1149 አካባቢ ሲሞን ደ ኖቨርስ የሚባል ባላባት ከአንድ ሀብታም አይሁድ ዕዳ አለበት፣ አበዳሪው ኤልዓዛር ይባላል። የሲሞን አሽከሮች ኤልዓዛርን ገንዘብህን እንስጥህ ብለው አታለው ወስደው ጫካ ውስጥ ገደሉት። አይሁዶቹ ለንጉሥ ስቲቨን አቤት አሉ፣ እዚህ ጋ የግድያ ክስ አለ፣ ተከሳሹ ክርስቲያን ነው፣ ተበዳዮቹ አይሁዶች ናቸው።

ሲሞን ደግሞ የጳጳሱ ሰው ነው፣ ከጳጳሱ መሬት ተቀብሎ የሚያገለግል። አዲሱ ጳጳስ ዊልያም ተርብ ጥብቅና ቆመለት፣ ምን ብሎ? ሲሞን አልገደለም ብሎ ብቻ አይደለም፣ እነሱ እኮ መጀመሪያ የኛን ልጅ ገድለዋል፣ እሱ ሳይዳኝ ይሄ አይታይም ብሎ ነው የተከራከረው። የገደሉትም እዛው ኤልዓዛር ቤት ውስጥ ነው ተባለ። እንግዲህ ኤልዓዛር ሞቷል፣ እኔ አይደለሁም ሊል አይችልም። ንጉሡ ነገሩን ሌላ ጊዜ እናየዋለን ብሎ አስተላለፈው፣ ሌላ ጊዜው ሳይመጣ ቀረ፣ ሲሞንም ሳይቀጣ ቀረ። ቶማስ ንጉሡ በአይሁድ ብር ተደለለ ነው የሚለው፣ በዚህ ውሳኔ የተጠቀመው ማን እንደሆነ ግን ግልፅ ነው። ዛሬ ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ክሱ ሙሉ ቅርፁን የያዘው በ1144 ሳይሆን በዚህ ጊዜ፣ በ1149 እና 1150 መሀል ነው ይላሉ፣ እኔም ዓመቶቹን ጎን ለጎን ሳያቸው ሌላ ነገር አይታየኝም።

ገዳሙ ምን አገኘበት?

ቅዱስ። የኖርዊች ካቴድራል ያኔ አዲስ ነው፣ ሥራው የተጀመረው በ1096 ነው፣ የራሱ የሚባል ቅዱስ የለውም፣ ጎረቤቱ ባሪ የሚባለው ከተማ ገዳም ደግሞ የቅዱሱ ንጉሥ ኤድመንድ ዐጽም ስላለ ምዕመን ከሩቅ እየመጣ ስለት ያስገባል። በ1144ቱ ጉባኤ ላይ ገና የሌላ ገዳም አለቃ ሬሳውን ስጡኝ ብሎ ጳጳሱን ለምኖ ነበር፣ ጥቅሙ ቀድሞ የገባው ሰው ነበር ማለት ነው። ያኔ ከጫካ አውጥተው መነኮሳቱ መቃብር አስገቡት፣ ቶማስ ከመጣ በኋላ ሕልም አየሁ አለና በ1150 ወደ መነኮሳቱ መሰብሰቢያ አዳራሽ ገባ፣ በ1151 ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ በ1154 የራሱ ጸሎት ቤት ተሰጠው። ቶማስ ራሱ ዐጽሙ ሲነሳ ሁለት ጥርስ ለራሱ ደብቆ አስቀርቷል፣ ይሄንን ያለምንም ሀፍረት ጽፎታል።

ብር በብር ሆኑ ወይ ለሚለው፣ ብዙም አልሆኑም። ሮም ቅዱስ ብላ አላወጀችውም፣ የስለቱ ገቢም እየቀዘቀዘ ነው የሄደው። ክሱ ግን ከቅዱሱ በላይ ዕድሜ አገኘ።

እሺ ገዳዩ ማነው ታዲያ?

አይታወቅም፣ አሁን የሚታወቅበት መንገድም የለም። ዘመኑ ንጉሥ ስቲቨንና ማቲልዳ በዙፋን የሚዋጉበት፣ አገሩ ሕግ ያጣበት ጊዜ ነው፣ አንድ ልጅ ጫካ ውስጥ ለመገደል ብዙ ምክንያት አይጠይቅም። ቤተሰቡን የሚጠረጥሩ አሉ፣ ልጆች የሚያጠምድ ወንጀለኛ ነው የሚሉ አሉ፣ ሁለቱም ግምት ነው። ያ ወጥ ሠሪ ነኝ ባዩ ሰውዬ ያኔ ተፈልጎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነበር።

ደሙን ለቂጣ ይጠቀሙበታል የሚለውስ ከኖርዊች ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ይሄን ይቀላቅለዋል። የኖርዊቹ ክስ በክርስቶስ ለማላገጥ ሰቀሉት የሚል ነው፣ ደም ተወሰደ የሚል ነገር የለበትም። ደሙ የመጣው በ1235 ጀርመን ፉልዳ ላይ ነው። በገና ዕለት ወላጆች ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ አምስት ልጆች ቤት ውስጥ ተቃጥለው ሞቱ፣ አይሁዶች ለደማቸው ገደሏቸው ተባለ፣ 34 አይሁዶች ተገደሉ። የፋሲካ ቂጣ ምናምን የሚለው ከዛ በኋላ የተቀጠለ ነው።

ነገሩ በራሱ ደግሞ ስድብ ነው፣ ምክንያቱም ደም መብላት በኦሪት የተከለከለ ነው፣ ዘሌዋውያን 17 ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፣ አይሁዶች ሥጋውን ራሱ ደሙ እንዲወጣ ጨው ነስንሰው ነው የሚያዘጋጁት። ሌላው የሚገርመው፣ ሮማውያን ክርስቲያኖችን የሚከሱት በዚሁ ነበር፣ ሕፃን አርደው ይበላሉ ይሏቸው ነበር፣ ተርቱልያን በ197 አካባቢ የጻፈው መከላከያ ይሄንን ነው የሚመልሰው።

ከኖርዊች እንዴት ተዛመተ?

በወሬ። የቶማስ መጽሐፍ ሳያልቅ ገና በ1155 አካባቢ የፒተርቦሮ መነኮሳት ዜና መዋዕላቸው ላይ አይሁዶች አንድ ክርስቲያን ልጅ «ገዝተው» ስቅለት ዕለት ሰቀሉት ብለው ጽፈዋል፣ ያዩት ነገር ሳይኖር። ከዛ ግሎስተር 1168፣ ባሪ 1181 እያለ ሄደ። በ1171 ፈረንሳይ ብሏ ላይ የሞተ ልጅ እንኳን አልተገኘም፣ የጠፋ ልጅም የለም፣ አንድ አሽከር ማታ ወንዝ ዳር አንድ አይሁድ ሬሳ ሲጥል አየሁ አለ፣ ከ30 በላይ አይሁዶች በእሳት ተቃጠሉ።

ሊንከን በ1255 የተለየ የሚያደርገው ንጉሡ ራሱ የገባበት መሆኑ ነው። ሂው የሚባል ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ ተገኘ፣ ኮፒን የሚባለው አይሁድ ሕይወትህን እናተርፍልሃለን ተብሎ ተናዘዘ፣ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ሲመጣ ቃሉን ሽሮ ሰቀለው፣ 91 አይሁዶች ወደ ለንደን ተወሰዱ፣ 18ቱ ተሰቀሉ። የተሰቀለ አይሁድ ንብረት ለማን ይገባል? ለንጉሡ። በ1290 ደግሞ ኤድዋርድ 1ኛ አይሁዶችን በሙሉ ከእንግሊዝ አባረረ።

ቤተ ክርስቲያንና ነገሥታት ዝም አሉ?

ዝም አላሉም፣ ይሄ ነው የሚያናድደው። ከፉልዳ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ ከየአገሩ ክርስቲያን የሆኑ አይሁዶችን ጠርቶ አስጠየቀ፣ እነዚህ ሰዎች የድሮ ወገናቸውን የሚሸፍኑበት ምክንያት የላቸውም ብሎ፣ በ1236 ክሱ ሐሰት ነው ብሎ አወጀ። ፖፕ ኢኖሰንት 4ኛ በ1247፣ ግሪጎሪ 10ኛ በ1272 የደሙን ክስ አውግዘዋል፣ እንዲያውም ግሪጎሪ ክርስቲያኖች ከአይሁዶች ብር ለመቀበል ብለው ልጆቻቸውን ራሳቸው ይደብቃሉ እስከማለት ደርሷል። ግን ታች ያለው ጳጳስና መነኩሴ መቃብሩን ካስጌጠ ሮም የጻፈችውን ማን ያነባል። ጣሊያን ትሬንት ላይ በ1475 ሞቶ አይሁዶች ገደሉት ለተባለው ሕፃን ስምዖን የተጀመረው አምልኮ የተሻረው በ1965 ነው። የሊንከን ካቴድራልም በ1955 ነው ታሪኩ ሐሰት እንደነበር የሚገልፅ ጽሑፍ የሰቀለው።

የኖርዊች አይሁዶች መጨረሻቸው ምን ሆነ?

በፌብሩዋሪ 1190 ለመስቀል ጦርነት የሚሄዱ ሰዎችና የከተማው ሕዝብ ቤታቸው ያገኟቸውን አይሁዶች ገደሉ፣ ወደ ግንቡ የሮጡት ተረፉ። ይሄ ድሮም የሚታወቅ ነው። አዲሱ ነገር በ2004 የገበያ ማዕከል ሲሠራ ጉድጓድ ውስጥ የ17 ሰው ያህል ዐጽም መገኘቱ ነው፣ 11ዱ ልጆች ናቸው። በ2022 የዲኤንኤ ውጤት ወጣ፦ ከተመረመሩት መሀል ሦስት እህትማማቾች አሉ፣ ዘራቸው ከዛሬዎቹ አሽኬናዚ (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ ዘር) አይሁዶች ጋር ይገጥማል፣ ዘመኑም ከ1190 ጋር ይሄዳል። ዐጽሞቹ በ2013 ውጤቱ ሳይወጣ ገና እዛው ከተማ የአይሁድ መቃብር ተቀብረው ነበር።

ከኛ አገር የቡዳ ወሬ ጋር ግንኙነት አለው?

በታሪክ አንዱ ካንዱ አልመጣም። ጎንደርና ሰሜን አካባቢ ቤተ እስራኤሎች ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ ተብለው ሲታሙ የኖሩት ኖርዊችን ሰምቶ አይደለም፣ ስሙም ለነሱ ብቻ አልነበረም፣ ለሌላው ባለእጅ ሁሉ ነው፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የሆነ ሰው ይለጠፍበታል። ርስት የተነጠቀ ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል፣ በእጁ ሥራ ስለኖረ ደግሞ ቡዳ ይባላል። ዛሬ እስራኤል ያሉ ትልልቅ ሰዎቻቸው ይሄንን ከነቁስሉ ያስታውሱታል።

የሚመሳሰለው አንድ ቦታ ነው፦ ቀን ማረሻውን የሚገዛው ከዛው ሰው ነው፣ ልጁ ሲታመም የሚጠረጥረውም እሱኑ ነው፣ ኖርዊችም ላይ ብሩን የሚበደረው ከዛው ሰው ነበር። የሚለየው ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ወሬው መጽሐፍ፣ ችሎት፣ ንጉሥና ከዛም ማተሚያ ቤት ማግኘቱ ነው።

ሕዝብ ዝም ብሎ አያወራም፣ ይሄን ያህል ቦታ ከተባለ አንዱ እንኳን እውነት አይሆንም?

ይሄ ጥያቄ በቅንነትም በተንኮልም ይመጣል፣ ሁለቱንም የምመልሰው በአንድ ነው፦ አንድ አንዱን ክፈቱት። ብሏ ላይ ሬሳ የለም። ትሬንት ላይ ኑዛዜው ሁሉ በስቃይ የወጣ ነው። ሊንከን ላይ የተናዘዘው ሰው ሕይወትህ ይተርፋል ተብሎ ነው የተናዘዘው። ብዛቱ ማስረጃ የሚሆነው እያንዳንዱ ለብቻው ሲቆም ነበር፣ እነዚህ ግን አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ ነው የቆመው።

ዘመናዊ ፍርድ ቤትም ገብቷል። ኪየቭ ውስጥ በ1911 አንድ የ13 ዓመት ልጅ ተገድሎ ተገኘ፣ ፖሊሶች ራሳቸው ወደ ሌቦች ቡድን የሚወስድ ፍንጭ ነበራቸው፣ የተከሰሰው ግን መንደል ቤይሊስ የሚባል የጡብ ፋብሪካ ሠራተኛ አይሁድ ነው። ሁለት ዓመት ታስሮ በ1913 ነፃ ወጣ። ናዚዎች በ1934 ይሄንኑ ክስ ጋዜጣ ሙሉ አድርገው አወጡት። ከጦርነቱ በኋላ ራሱ፣ በጁላይ 1946 ፖላንድ ኪየልስ ላይ፣ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ አይሁዶች ምድር ቤት ዘግተውብኝ ነበር አለ፣ ፖሊስና ወታደር ያለበት ግርግር ተነስቶ 42 አይሁዶች ተገደሉ፣ ብዙዎቹ ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉ ሰዎች ናቸው። ልጁ ገጠር የቤተሰብ ወዳጅ ጋ ነበር የከረመው። ያመለከተው ሕንፃ ደግሞ ምድር ቤት አልነበረውም።